ከአንድ ዋት ጀምሩ፦ ጅማ ላይ የአማተር ሬዲዮ ኪት መግጠምና ማሻሻል

መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ቦርድ፣ አንድ የ12 ቮልት ባትሪ፣ 20 ሜትር ሽቦ። ከጅማ አዲስ አበባ ላለ አማተር፣ ማለትም ሬዲዮን ለትርፍ ሳይሆን ለፍቅሩ ለሚሠራ ሰው፣ በሞርስ (በአጭርና በረጅም ድምፅ በሚላክ ፊደል) መልእክት ለማድረስ ይህ ይበቃል። አየሩ ሲመች አውሮፓም ይደርሳል። ኢንተርኔት አይጠይቅም፣ ካርድ አይበላም፣ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ይህ መመሪያ ቦርዷን ከመግጠም ጀምሮ እስከ ማሻሻል ድረስ ይወስዳችኋል። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ። አዲስ ጀማሪ ቶሎ የሚጠይቀው «ዋቱን እንዴት ልጨምር?» ብሎ ነው። የኔ መልስ ዋት የመጨረሻው ነው የሚል ነው። ፈቃድ፣ ንጹሕ ብየዳ፣ ማጣሪያ፣ አንቴና፤ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። እነዚህን ያሟላ የ1 ዋት ጣቢያ እነዚህን ከዘለለ የ10 ዋት ጣቢያ ይልቅ ይሰማል።

ፈቃዱ ይቅደም

አማተር ሬዲዮ ያለ ፈቃድ ማሰራጨት አይቻልም። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረው። ኪቱን (ገጣጥማችሁ የምትሠሩትን የዕቃ ስብስብ) ከውጭ ከማዘዛችሁ በፊት ስለ ፈቃዱም ስለ ዕቃው አገባብም ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ጉምሩክ ላይ ከተያዘ በኋላ መሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው።

የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበርም አለ። የክለቡ ጣቢያ ጥሪ ምልክት (አየር ላይ የሚታወቅበት መለያ) ኢቲ3ኤኤ ሲሆን አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው ያለው። ለአዲስ ሰው ጥሩ መነሻ ነው። ፈቃዱ እስኪመጣ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ መቀመጥ የለባችሁም። ቀጥሎ ያሉት አብዛኞቹ ሥራዎች፣ ሙከራውም ጭምር፣ ሞገድ ወደ አየር ሳይወጣ የሚሠሩ ናቸው።

የትኛው ኪት?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጥም ሰው ፒክሲ የሚባለውን ኪት እመርጣለሁ። ርካሽ ነው። ቦርዱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በውስጡ ሁለት ትራንዚስተሮች፣ አንድ ኤልኤም386 የሚባል ድምፅ የሚያጎላ አይሲ፣ ፍሪኩዌንሲውን የሚወስን አንድ ክሪስታልና ጥቂት ሬዚስተርና ካፓሲተር አሉት። በገበያ ላይ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ የ7.023 ሜጋኸርዝ ክሪስታል ይዞ ይመጣል፤ ይህ 40 ሜትር በሚባለው ባንድ (የሞገድ ክልል) ውስጥ ነው። ኢትዮጵያ ባለችበት ቀጠና ይህ ባንድ ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ለአማተሮች የተመደበ ነው። የታችኛው ጫፉ፣ እስከ 7.040 ድረስ፣ ለሞርስ ነው።

ፒክሲ ድምፅ አያስተላልፍም። ሞርስ ብቻ ነው። በ12 ቮልት ኃይሉ አንድ ዋት ግድም ወይም ከዚያ በታች ነው። ሞርስ የማትችሉ ከሆነ ኪቱ መንገድ ላይ እያለ መማር ጀምሩ፤ ስልክ ላይ የሚጫኑ ነጻ የመለማመጃ መተግበሪያዎች አሉ። ፊደሎቹን በነጥብና በሰረዝ ከማጥናት በድምፅ ማጥናት ይሻላል። በወረቀት የተማረ ሰው ፍጥነት ሲመጣ ይደናገራል።

ዕቃ መሰብሰብ

ብዙው ነገር ጅማ ውስጥ ይገኛል። መርካቶ አካባቢ ያሉ የሬዲዮና የስልክ ጠጋኞች መበየጃ፣ ሊድና ቴስተር ከየት እንደሚገዛ ያውቃሉ። መበየጃው ከ25 እስከ 40 ዋት፣ ጫፉ ሹል የሆነ ይሁን። ሊድ ስትገዙ ቀጭኑን፣ በውስጡ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ የሚረዳ ሙጫ) ያለበትን ምረጡ። 63/37 የሚል ከተገኘ በጣም ጥሩ፤ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝም ወዲያው ይደርቃል።

ሌላው የሚያስፈልጋችሁ ይኸውላችሁ፦

ለጥቅል የሚሆን የተቀባ የመዳብ ሽቦ፤ ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ዘንድ በግራም ይገኛል፤ 0.4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። ለአንቴና መስመር የዲሽ ኬብል። ለማገናኛ ቢኤንሲ፤ የደኅንነት ካሜራ የሚተክሉ ሰዎች አይጠፋቸውም። ባለ 12 ቮልት ባትሪ፤ የዩፒኤስ ባለ 7 አምፒር ሰዓቱ በጣም ይመቻል። ለሙከራ ደግሞ አንድ የባጃጅ የኋላ መብራት አምፖል፣ 12 ቮልት 5 ዋት። ይህ አምፖል ቀጥሎ ትልቅ ውለታ ይውልላችኋል።

ሊዱ ውስጥ እርሳስ አለ። እኛ በእጃችን ነው የምንበላው፤ ስለዚህ ከሥራው ወደ እንጀራው ከመሄዳችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። መስኮት ክፈቱ፣ ጭሱን አትተንፍሱ።

መለየት፣ መለካት

ሳትበይዱ በፊት እያንዳንዱን ክፍል ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግታችሁ ስሙን ከጎኑ ጻፉ። ሬዚስተሩን በቀለሙ ብቻ አትመኑ፤ በተለይ ማታ በደብዛዛ አምፖል ቀይና ቡኒ ይመሳሰላሉ። በቴስተር ለኩ። ኢንዳክተሮቹ (የሽቦ ጥቅሎቹ) ወፈር ያለ ሬዚስተር ይመስላሉ፤ ስትለኳቸው ግን ጥቂት ኦም ብቻ ነው የሚያሳዩት።

ካፓሲተር ላይ 104 ካለ 100 ናኖፋራድ ነው፤ 103 ደግሞ 10 ናኖ፤ 471 ደግሞ 470 ፒኮ። ሁለቱ አኃዞች ቁጥሩ፣ ሦስተኛው የዜሮዎቹ ብዛት ነው፤ መለኪያው ፒኮፋራድ። ክብ ቆርቆሮ የሚመስለው ኤሌክትሮሊቲክ ረጅም እግሩ ፕላስ ነው። ብርጭቆ መሳይዋ ዳዮድ ላይ ያለው ጥቁር ቀለበት ቦርዱ ላይ ከተሳለው መስመር ጋር መገጣጠም አለበት። ትራንዚስተርና አይሲ ደግሞ በጠፍጣፋ ጎናቸውና በጎድጓዳ ምልክታቸው ነው የሚታወቁት።

ብየዳው

ከዝቅተኛው ወደ ረጅሙ ሂዱ። መጀመሪያ ሬዚስተርና ዳዮድ፣ ቀጥሎ ኢንዳክተር፣ የአይሲው ሶኬት፣ ትናንሽ ካፓሲተሮች፣ ትራንዚስተሮች፣ መጨረሻ ላይ ኤሌክትሮሊቲክ፣ ክሪስታልና ማገናኛዎች።

አበያየዱ እንዲህ ነው። የመበየጃውን ጫፍ እግሩንም የቦርዱን መዳብም እኩል እንዲነካ አድርጋችሁ አስጠጉ። አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ። ከዚያ ሊዱን በመበየጃው ሳይሆን በማዶው በኩል፣ በጋለው እግር ላይ ንኩት። ራሱ ይፈስሳል። ሊዱን መጀመሪያ አንሱ፣ መበየጃውን ቀጥሎ፣ ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ምንም ነገር አታንቀሳቅሱ። ጥሩ ብየዳ ያብረቀርቃል፤ ከመዳቡ ወደ እግሩ በለስላሳ ቁልቁለት ይወጣል። እንደ ኳስ ድቡልቡል ብሎ ከተቀመጠ ወይም ከደበዘዘ አልያዘም። እንደገና አሙቁትና ትንሽ ፍላክስ ጨምሩ።

ክሪስታሉን ስትበይዱ ከቦርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉት። ብረታማ ቅርፊቱ ከሥሩ ያለውን መዳብ ከነካ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። እንዲያውም አሁኑኑ በሁለት ቀዳዳ ሶኬት ብታስቀምጡት ይሻላል፤ ምክንያቱን ማሻሻያው ላይ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ኃይል ስትሰጡ

ባትሪውን ቀጥታ አትስጡ። በፕላሱ ሽቦ መሐል ያንን የባጃጅ አምፖል አስገቡ። ቦርዱ ላይ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ይላል፤ ኃይሉን እሱ ይበላዋል፣ ቦርዱም ይተርፋል። ሁሉ ነገር ትክክል ከሆነ ኪቱ በመቀበያነት የሚበላው በጣም ጥቂት ስለሆነ አምፖሉ ጨለማ ሆኖ ይቀራል።

አምፖሉ ካልበራ ቴስተሩን ያዙ። የኤልኤም386 ፒን (እግር) 6 የሚመገበውን ቮልቴጅ ያሳያል። ፒን 5፣ ማለትም መውጫው፣ የዚያን ግማሽ ግድም ማሳየት አለበት። ግማሹ ካልመጣ አይሲው ተገልብጦ ገብቷል ወይም አንዱ እግር ከሥሩ ታጥፏል። ግማሹ ከመጣ ማዳመጫ ሰኩ። የአይሲውን መግቢያ በስክሩድራይቨር ጫፍ ነካ ስታደርጉት «ጥዝዝ» ወይም «ጠቅ» የሚል ድምፅ ከተሰማ የድምፁ ክፍል ሠርቷል።

ክሪስታሉ መነቃቃቱን ለማወቅ ቤት ውስጥ ያለ አጭር ሞገድ የሚቀበል ሬዲዮ ይበቃል። ከቦርዱ አጠገብ አስቀምጡትና 7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ቀስ እያላችሁ አዙሩ። አንድ ቦታ ላይ የሬዲዮው ጫጫታ ድንገት ጸጥ ይላል። ክሪስታሉ እዚያ ነው ያለው።

ከዚያ ጥቂት ሜትር ሽቦ አንቴናው ላይ አስሩና ማታ ላይ አዳምጡ። የሩቅ የሞርስ ድምፅ ከሹክሹክታው መሐል ሲወጣ ትሰማላችሁ። አልፎ አልፎ ሙዚቃና ዜናም ሊገባ ይችላል፤ ከ7.200 ሜጋኸርዝ በላይ ኃይለኛ የስርጭት ጣቢያዎች ስላሉና የፒክሲ መቀበያ ቀላል ስለሆነ ነው። የናንተ ብየዳ ጥፋት አይደለም።

ዳሚ ሎድ ሥሩ

ያለ አንቴና ወይም ያለ ጭነት ቁልፉን (ሞርስ የሚላክበትን መጫኛ) መጫን የማሰራጫውን ትራንዚስተር ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ዳሚ ሎድ ያስፈልጋል፤ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚለውጥና ወደ አየር የማይለቅ 50 ኦም ጭነት ነው። 20 ፍሬ የ1 ኪሎ ኦም፣ ሩብ ዋት ሬዚስተሮችን ጎን ለጎን በትይዩ በይዱ። ውጤቱ 50 ኦም፣ 5 ዋት ነው። ሽቦ የተጠመጠመበት ዓይነት ሬዚስተር አይሆንም፤ ራሱ ጥቅል ስለሆነ በ7 ሜጋኸርዝ ያታልላል።

ኃይሉን ለመለካት አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ ከዳሚ ሎዱ ትኩስ ጫፍ፣ ማለትም ከግራውንድ (ከማይነስ መስመር) ካልተያያዘው ጫፍ፣ አስነሡ፤ ቀለበት ያለበት ጎኗ ወደ ውጭ ይሁን። ከዚያ ጎን ወደ ግራውንድ 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር አድርጉ። ቴስተሩን በካፓሲተሩ ላይ በዲሲ ቮልት ለኩ። ባነበባችሁት ላይ 0.6 ጨምሩ፣ ውጤቱን በራሱ አባዙ፣ ለ100 አካፍሉ። ለምሳሌ 7.4 ቮልት ካነበባችሁ 8 ይሆናል፤ 8 ሲባዛ በ8፣ 64፤ ለ100 ሲካፈል 0.64 ዋት። ቁልፉን ከ10 ሰከንድ በላይ አትያዙ፣ ትራንዚስተሩ ይግላል።

ባትሪው ቻርጀር ላይ ተሰክቶ እያለ አታሰራጩ። ቻርጅ የሚደረግ የ12 ቮልት ባትሪ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል፣ ያቺ ትንሽ ትራንዚስተር ደግሞ ይህን አትወድም። ሞተሩ ከተነሳ ባጃጅ ባትሪ ላይ ኃይል መውሰድም እንደዚያው ነው።

የመጀመሪያው ማሻሻያ፦ ማጣሪያ

ብዙ ሰው ይህን ይዘላል። እኔ ግን አጥብቄ እለምናችኋለሁ፣ አትዝለሉት። ፒክሲ መውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ አንድ ጥቅልና ሁለት ካፓሲተር ብቻ ነው። ከ7.023 ጋር እጥፉ 14.046 እና ሦስት እጥፉ 21.069 አብረው ሾልከው ይወጣሉ። የሌላውን ሰው ባንድ ማቆሸሽ ነው። ፈቃድ የሰጣችሁ መሥሪያ ቤትም፣ አጠገባችሁ ያለ አማተርም ይህን አይወድላችሁም።

መፍትሔው የታወቀና የተፈተነ ባለ ሦስት ጥቅል ማጣሪያ ነው። ቲ37-6 የሚባሉ ሦስት ቢጫ የቶሮይድ ቀለበቶች ያስፈልጋሉ። ሁለቱ ዳሮች 21 ዙር፣ የመሐሉ 24 ዙር። ካፓሲተሮቹ አራት ናቸው፦ ሁለቱ ዳሮች 270 ፒኮ፣ ሁለቱ መሐሎች 680 ፒኮ፤ ኤንፒኦ ወይም ሲዜሮጂ የሚባለው ዓይነት፣ 50 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ። ሦስቱ ጥቅሎች በተርታ ይያያዛሉ። ካፓሲተሮቹ ደግሞ ከመግቢያው፣ ከሁለቱ መገናኛዎችና ከመውጫው ወደ ግራውንድ ይወርዳሉ።

አጠማጠሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቆጠራው ነው። ሽቦው በቀለበቱ መሐል ባለፈ ቁጥር አንድ ዙር ነው። ገና አንዴ ብቻ ቢያልፍ እንኳ አንድ ተብሎ ይቆጠራል። ሽቦውን ጠበቅ አድርጋችሁ አንዱ በአንዱ ላይ ሳይደረብ አስተካክሉት። የቀለበቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ወይም ትንሽ በለጥ አድርጎ ሲሸፍን ጥሩ ነው። ስትጨርሱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱትና አስፍታችሁ እንደገና ቁጠሩ።

ሽቦው የተቀባ ነው። ቀለሙ ካልተፋቀ ሊድ አይይዝም፤ የያዘ መስሎ ውስጡ ይለያያል። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ፋቁት፤ ደማቅ መዳብ እስኪታይ። ቀድማችሁ በሊድ ልበጡትና በቴስተር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩ። ዜሮ ግድም ካላሳየ አልተፋቀም። በመጨረሻ ጥቅሉ እንዳይላላ አንድ ጠብታ የጥፍር ቀለም አድርጉበት። በጅማ ክረምት እርጥበቱ ቦርድ ላይ ይቀመጣል፤ የጥፍር ቀለሙ ለዚህም ይጠቅማል።

ማጣሪያውን ካስገባችሁ በኋላ ዳሚ ሎዱ ላይ እንደገና ለኩ። ኃይሉ በትንሹ ይቀንሳል፤ የቀነሰው መጀመሪያም መውጣት ያልነበረበት ነው። በግማሽ ከወረደ ግን አንድ ጥቅል ላይ ዙር ተሳስቷል ወይም ካፓሲተር ተቀያይሯል።

አንቴናው

ጣቢያውን ጣቢያ የሚያደርገው ይሄ ነው። ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉት።

የምትሠሩት ዳይፖል ነው፤ ከመሐል የሚመገብ ሁለት ክንፍ ሽቦ። ቀመሩ 142.5ን ለሜጋኸርዝ ማካፈል ነው። ለ7.023 ሲሆን 20.3 ሜትር ግድም ይመጣል፤ አንዱ ክንፍ 10.15 ሜትር። የቤት ውስጥ የመብራት ሽቦ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬው፣ ከነልባሱ ይሆናል። ስትቆርጡ ግን 10.5 ሜትር ቁረጡ። መቁረጥ ቀላል ነው፣ መቀጠል ግን ያስጠላል።

ምሰሶው የባሕር ዛፍ አጣና ነው። 8 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ካገኛችሁ መሐሉን እላዩ ላይ ስቀሉና ሁለቱን ክንፎች ወደ ጎን ቁልቁል ዘርጓቸው። ጫፎቹ ከመሬት ከሰው እጅ በላይ፣ ቢያንስ 2.5 ሜትር ይሁኑ። ጫፍ ላይ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ አድርጉና በናይለን ገመድ ወጥሩ። ሲባጎ በፀሐይና በዝናብ ቶሎ ይበሰብሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተነጠፈ ሽቦ ግን አንቴና አይባልም፤ ቆርቆሮው ይውጠዋል። ጥቂት ሜትር ከፍ ካለ ችግር የለውም።

«ጂረን ኮረብታ ላይ ብወጣስ?» ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። በ7 ሜጋኸርዝ የኮረብታው ከፍታ ለቅርብ ግንኙነት ብዙም አይጨምርም። ዝቅ ያለ ዳይፖል ሞገዱን ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ ይልካል፤ አየኖስፌር፣ ማለትም ከላያችን ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ፣ ይመልሰዋል፣ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ዙሪያ ይዘንባል። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ ከላያችን ያለው አየኖስፌር ቀን ላይ ጠንካራ ነው፤ 7 ሜጋኸርዝን በደንብ ይመልሳል። አዲስ አበባ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ግድም ብትሆንም በአየር ከጅማ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። ለዚህ ዓይነት አንቴና ልክ ነው። ረፋድና ከሰዓት በኋላ ሞክሩ፤ እኩለ ቀን ላይ የአየኖስፌር የታችኛው ንጣፍ ምልክቱን ይመጠዋል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ደግሞ ሩቁ ይከፈታል። እስከ እኩለ ሌሊት ግድም ምልክቱ አንዳንዴ እየተርገበገበ ሊመጣ ይችላል። ይህ የወገብ አካባቢ ጠባይ ነው፣ ሬዲዮአችሁ አልተበላሸም።

የዲሽ ኬብሉ 75 ኦም ነው፤ ለዳይፖል ምንም አይልም፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ የሚያባክነውም ጥቂት ነው። አንድ ጣጣ አለው። የውጭ መረቡ ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ስለሆነ ሊድ አይይዝም። ስለዚህ በሚጠመዘዝ ወይም በሚጨመቅ ማገናኛ ያዙት። ከላይ የሚገባበትን ቦታ ውኃ እንዳይገባበት በደንብ አሽጉት። ኬብል ውስጥ የገባ ውኃ አይደርቅም።

ለማስተካከል ናኖቪኤንኤ የሚባለው ትንሽ የአንቴና መለኪያ በጣም ይጠቅማል። የራሳችሁ ባይኖር ጅማ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል የሚማር ሰው ታውቁ ይሆናል፤ ጠይቁ። አንቴናው ከ7.023 በታች የሚስማማ ከሆነ ረዝሟል ማለት ነው። ከየክንፉ 10 ሴንቲ ሜትር ስትቀንሱ 70 ኪሎኸርዝ ያህል ከፍ ይላል። ወዲያው አትቁረጡ። መጀመሪያ ሽቦውን ወደ ኋላ አጥፋችሁ ጠምዝዙትና ለኩ።

ሁለት የማይታለፉ ነገሮች አሉ። ምሰሶው ቢወድቅም፣ ሽቦው ቢበጠስም የመብራት መስመር በማይነካበት ቦታ ትከሉ፤ የምሰሶውን ቁመት ሁለት እጥፍ ራቁ። ሁለተኛው መብረቅ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ሰማይ ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊት፣ ጣቢያውን ስትዘጉ ሁልጊዜ፣ ኬብሉን ንቀሉና ከቤት ውጭ አውጡት። ማጉረምረሙ ከጀመረ በኋላ ኬብሉን አትንኩ።

ጫጫታ ማደን

አንቴናው ተሰቅሎ የምትሰሙት «ዥዥዥ» ብቻ ከሆነ ጠላቱ ቤት ውስጥ ነው። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ የኤልኢዲ አምፖል፣ የሶላር መቆጣጠሪያ፣ የቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ። ትንሿን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ይዛችሁ ወደ አንድ አንዱ አስጠጉ፤ ጥፋተኛው ራሱን ያጋልጣል። ያንን ንቀሉ።

መብራት የጠፋ ለታ ደግሞ ሩጡና ማዳመጫውን አጥልቁ። ሰፈሩ ሁሉ በአንዴ ጸጥ ይላል። ከጫጫታው ሥር ተደብቀው የነበሩ ደካማ ምልክቶች አንድ በአንድ ይወጣሉ። በ1 ዋት ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሽት የለም።

አየር ላይ

ፈቃዱና ጥሪ ምልክቱ እጃችሁ ከገባ በኋላ መጀመሪያ አዳምጡ። ፍሪኩዌንሲው ነጻ ከሆነ «ሲኪው ሲኪው ዲኢ» («ለሁሉም ጥሪ፣ ከ…» ማለት ነው) ብላችሁ ጥሪ ምልክታችሁን ሁለት ጊዜ ላኩ። ቀስ ብላችሁ፣ በእኩል ክፍተት። ሪቨርስ ቢከን ኔትወርክ የሚባለው የመቀበያዎች መረብ ጥሪያችሁን ከሰማ የት አገር፣ በምን ጥንካሬ እንደሰማ ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። አንቴና ስትቀይሩ ለውጡን ለመመዘን ይህ መልካም መሣሪያ ነው።

በኢቲ የሚጀምር ጥሪ ምልክት አየር ላይ ብርቅ ነው። ዓለም ላይ ያሉ አማተሮች ይፈልጉታል። ስለዚህ ኃይላችሁ ቢያንስም ጆሯቸውን ጣል አድርገው የሚሰሟችሁ እነሱ ናቸው። ብዙ ሰው በአንዴ ቢጠራችሁ አትደንግጡ፤ አንድ ፊደል የያዛችሁለትን ሰው ብቻ መልሱ፣ ጨርሱ፣ ቀጥሉ።

መዝገብ ያዙ። ሰዓቱ በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው የሚጻፈው። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፦ በእኛ የቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፣ በማታው ላይ 15 ደምሩ፤ 24 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ 24 ቀንሱ። ረፋዱ 4 ሰዓት 07 ይሆናል፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት 17። ቀኑንም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጻፉ፤ አለዚያ ያነጋገራችሁት ሰው መዝገብ ላይ አይገጥምም። ቦታችሁን ከጠየቁ፣ አማተሮች በሚጠቀሙበት የካርታ አከፋፈል የጅማ ሳጥን ኬጄ 87 ነው።

ቀጣዮቹ ማሻሻያዎች

ክሪስታሉን በሶኬት ካስቀመጣችሁ አሁን ፍሬው ይታያል። 7.030 ሜጋኸርዝ በእኛ ቀጠና የአነስተኛ ኃይል አማተሮች መገናኛ ነው። የዚያን ክሪስታል ግዙና ቀይሩት። የሚሰማችሁ ሰው እዚያ ነው የሚበዛው።

ድምፁ ጆሮ የሚያደነቁር ከሆነ ከኤልኤም386 መግቢያ ፊት ባለ 10 ኪሎ ኦም ፖቴንሽዮሜትር (የሚዞር የድምፅ ማስተካከያ) አስገቡ። ደካማ ከሆነባችሁ ደግሞ በፒን 1 እና 8 መሐል 10 ማይክሮፋራድ መኖሩን አረጋግጡ፤ ፕላሱ ወደ ፒን 1። ይህ ካፓሲተር ማጉላቱን ከ20 ወደ 200 እጥፍ ያደርሰዋል።

የባትሪ ሽቦ መገልበጥ በጨለማ ቀላል ነው። በፕላሱ መስመር ላይ 1ኤን5819 ዳዮድ አስገቡ። የአንድ ቮልት ጥቂት ክፋይ ይበላል፣ ቦርዱን ግን ያድናል።

ቁልፍ ስትጫኑ ድምፁ እንደ ጫጩት «ጭው» ካለ ቮልቴጁ እየወረደ ነው። ባትሪውን ሙሉ፣ ሽቦውን አሳጥሩ። ቦርዱን ደግሞ ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡትና ግራውንዱን ከቆርቆሮው ጋር አያይዙ። ከእርጥበትም ከቤት ውስጥ ጫጫታም ይጠብቃል።

አሁን ዋት

ከ1 ዋት ወደ 5 ዋት ስትሄዱ ጭማሪው 7 ዴሲቤል (የኃይል ማነጻጸሪያ) ነው። በሰሚው የምልክት ጥንካሬ መለኪያ ላይ ከአንድ የኤስ ነጥብ ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ነጥብ 6 ዴሲቤል ነውና። ጥቅም አለው። ነገር ግን ፒክሲዋን እያስጨነቃችሁ አታምጡት፤ ለዚያ አልተሠራችም። ሁለተኛ ኪት ግጠሙ።

ለሞርስ ኪውሲኤክስ ሚኒ ጥሩ ነው። ለአንድ ባንድ ተብሎ የተሠራ ነው፣ በ12 ቮልት 5 ዋት ግድም ይሰጣል። የ200 ኸርዝ ማጣሪያ አለው፤ ጎን ለጎን ከሚጮሁ ጣቢያዎች አንዱን ለይቶ ያሰማችኋል። መለኪያውም በውስጡ ስላለ ለማስተካከል ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ጥቃቅኖቹ ክፍሎች ፋብሪካ ላይ ተበይደው ነው የሚመጡት። እናንተ የምትጠመጥሙት ቶሮይዶቹን ነው፤ ያንን ደግሞ አሁን ታውቁበታላችሁ። በድምፅ ማውራት ለሚፈልግ ሕንድ ውስጥ የተነደፈው ማይክሮ ቢትኤክስ አለ፤ 10 ዋት ግድም ይሰጣል፣ በድምፅ እስከ 10 ዋት ደግሞ አነስተኛ ኃይል ይባላል።

ሁለተኛውን ኪት ስትገጥሙ ዳሚ ሎዱን፣ ዳዮዷንና የባጃጁን አምፖል አውጡ። ያው ሙከራ በያው ቅደም ተከተል ይሠራል። ዳሚ ሎዱ የሚችለው 5 ዋት ስለሆነ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ያዙ። ቴስተሩ 21.8 ቮልት ግድም ካሳየ 5 ዋታችሁ ሞልቷል። አምፖሉ ግን የሚያገለግለው ለመጀመሪያው ፍተሻ ብቻ ነው፤ ከማሰራጨታችሁ በፊት አውጡት፣ አለዚያ ቮልቴጁን ይበላባችኋል።